መምህር ኤልሳዕ ጦናና ቀለም የሚበላው ጭቃ

መምህር ኤልሳዕ ጦና ከአባታቸው ከሸማኔው ከአቶ ጦና ብሩና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓመለወርቅ ደገፉ በ1949 ዓ.ም. በቦዲቲ አቅራቢያ ተወለዱ። አባታቸው ክር ያቀለሙበትን ውሃ በእንሰቱ ጓሮ ባለች ጉድጓድ ውስጥ ሲደፉ፣ ቀዩም ቢጫውም ውሎ አድሮ ጭቃው ውስጥ ደብዛው የሚጠፋበትን ምክንያት እየጠየቁ ሰው የሚያሰለቹ ልጅ ነበሩ።

ትምህርታቸውን በቦዲቲና በሶዶ ተከታትለው፣ በሥነ ሕይወት ዲፕሎማ ተመርቀው፣ በሶዶ ከተማ ሠላሳ ዓመት አስተማሩ። በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስካለች ጋር ጋብቻ መሥርተው ምሕረትንና ሲላስን ወለዱ።

በ1997 ዓ.ም. ከሻንቶ ከተማ በላይ አንድ የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ ተከፍቶ ፍሳሹ ወንዙን ደም ሲያስመስለው፣ መምህር ኤልሳዕ የአባታቸውን ጓሮ ጭቃ ቆፍረው፣ በውስጡ ያሉትን ባክቴሪያዎች የስኳር ዝቃጭ የሆነውን ሞላሰስና ቀለም እየመገቡ በጠርሙስ አራቡ። አንድ እሑድም ከአምልኮ በኋላ ተነሥተው፣ ቀለም የሚበሉ ተሕዋስያን እያራቡ መሆናቸውንና በቅርቡ ከማቅለሚያው ወደ ወንዙ በሚወርደው ቦይ እንደሚጨምሯቸው በደስታ ተናገሩ።

በዚያው ሳምንት ከወንዙ የጠጡ አሥራ አንድ ከብቶች ሞቱ። ሰውም ማቅለሚያውን ትቶ፣ በገዛ አንደበታቸው ጀርም አራባለሁ ያሉትን መምህር ጠረጠረ። ሁለት ላሞች የሞቱበት ዳልጮ የተባለ ጎረምሳ ገጀራ ይዞ ከፊት ቀደመ። በሩን ሰብረው ገቡ፤ ጠርሙሱን ሁሉ አደቀቁ፤ መምህሩን ከመሬት ጥለው በርግጫ ጎናቸውን ሰበሩ። የመጨረሻውን ጠርሙስ ደረታቸው ላይ አቅፈው አልለቅም ቢሉ፣ ዳልጮ ቀኝ እጃቸውን ከአንጓው ላይ ቆረጠው። ደማቸውና ከጠርሙሶቹ የፈሰሰው ቀለም ተቀላቅሎ በደጃፉ ሲወርድ፣ ወይዘሮ አስካለች የጎረቤቱን ስም እየጠሩ ቢጮኹ፣ የሚጠሯቸው ሰዎች እዚያው ዱላ ይዘው ቆመው ነበር። ይህን ማንበብ ያሳፍራል።

በፍርድ ቤት መምህር ኤልሳዕ የዳልጮ ቅጣት እንዲቀልለት ለመኑለት። ዳልጮ ሦስት ዓመት ታስሮ ሲወጣም ከወህኒ ቤቱ በር ጠብቀው፣ አንድ እጅ ብቻ ስለቀራቸው አካፋ የሚይዝላቸው ሰው እንደሚፈልጉ ነገሩት። ሁለቱ ከማቅለሚያው ሥር ፍሳሹ የሚያልፍበት ጉድጓድ ቆፍረው፣ ያንኑ የመምህሩን አባት ጓሮ ጭቃ ጨምረው፣ ከሁለት ዓመት ልፋት በኋላ ውሃው ጠራ። ከዚያ ውሃ መጀመሪያ የጠጣችው የዳልጮ ላም ነበረች፤ አልሞተችም።

የተሰበረው ጎናቸው ግን ሳንባቸውን ሲጎዳ ኖሮ፣ በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፉ። ከኋላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች፣ ልጆቻቸው ምሕረትና ሲላስ፣ እንዲሁም ከልጆቻቸው ቀጥሎ ስሙ እንዲጻፍ ያዘዙለት ዳልጮ ቀርተዋል። ይህን ዜና ሕይወት እሱ እንዲያነብም አዘው ነበርና፣ እነሆ በፊታችሁ ቆሞ አነበበ።

ጌታ ሆይ፣ ባሪያህን ኤልሳዕን በዕረፍትህ ተቀበል፤ ይህን ወረቀት የያዘውን እጅም ይቅር በል።