«ደህና ነኝ» ብሎ የተፈረደበት አፍንጫ

በእኛ ጊዜ ወታደር አፍንጫ አልነበረውም። አትሳቁ ልጆች! እግር ነበረው፣ ትከሻ ነበረው፣ አፍንጫ ግን አልነበረውም። አንዱ ጓዳችን ሰልፍ ላይ ያስነጠሰ እንደሆነ አሥር አለቃው «ማነው ይሄ ሙሽራ?» ይለው ነበር፣ እና ያ ሰውዬ ከዚያ ወዲያ አፉን በክንዱ አፍኖ ነው የሚያስነጥሰው። ታዲያ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ አፍንጫ ነው፣ ስለ ልጄ ስለ ዮናታን አፍንጫ። ትራም ቢያመልጣችሁም አትቆጩም። እዚህ ላንግሽትራሰ መንገድ ላይ ሌላ ትራም ወዲያው ይመጣል፣ እንዲህ ያለ ነገር ግን ወዲያው ወዲያው አይመጣም።

ዮናታን ጄኔቫ ነው የተወለደው። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እዚያው ግራንድ ሳኮኔ በሚባል ሰፈር አንድ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር፣ እኔም እዚያው ሹፌር ነበርኩ። ልጁ አደገ፣ ዜግነት አገኘ፣ እና ዜጋ የሆነ ወንድ ልጅ እዚህ አገር ወታደር ቤት ይጠራል። ታዲያ የት ቢመድቡት ጥሩ ነው? ፈረስ! አዎ፣ በዚህ ዘመን! መኪና የማይወጣው ተራራ ላይ ጭነት የሚያወጡ የጦር ፈረሶች አሏቸው። የእኔ ልጅ ደግሞ ፈረስ የሚያውቀው በስልኩ ነው።

ባቡር ጣቢያ ሸኘሁት፣ እና እንደ አሮጌ ወታደር መከርኩት። «ስማ ልጄ፣ ወታደር አያማርርም። ሐኪሙ እንዴት ነህ ሲልህ ምን ትላለህ?»

«ምን ልበል አባዬ?»

«ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ! በቃ።»

«ኦኬ አባዬ።»

ይቺን ያዙልኝ። ይቺን ኦኬ ያዙልኝ።

ሄደ። ድርቆሽ ይሸከማል፣ ፈረስ ይቦርሻል፣ አቧራው ይጨሳል፣ እና አፍንጫው መፍሰስ ጀመረ፣ ዓይኑ አበጠ። አገልግሎቱ አለቀ፣ አፍንጫው ግን አላለቀም፤ አንዴ ከተቀሰቀሰ ትንሽ አቧራም ይበቃዋል። ከዚያ ኦፕፊኮን፣ እዚህ አየር ማረፊያው አጠገብ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ገባ፤ ሙያው ምግብ ማብሰል ነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ሌላ ነገር አይወድም። ታዲያ አፍንጫው ተደፍኖ ተደፍኖ ማሽተት እምቢ አለው። አንድ ቀን የወጥ ቤቱ አለቃ ጮኸበት፦

«ዮናታን፣ ቅቤው እያረረ ነው!»

«የቱ ቅቤ?»

«አፍንጫህ ሥር ያለው!»

አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። «ሽታ የማይለይ ሰው ምድጃ ላይ ላቆም አልችልም» አለው። «እስከ ገና እጠብቅሃለሁ። ካልተሻለህ ዕቃ አጠባ ትሄዳለህ።» ልጄ ደውሎ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ የልጅነት ድምፁ ሆነብኝ።

ሐኪሙ አለርጂ ነው አለ። ክንዱ ላይ ከየእንስሳው ከየምግቡ የተቀመመ ጠብታ ጠብታ ያደርጋሉ፣ በመርፌ ጫፍ ጫር ጫር ያደርጋሉ፣ እና ትጠብቃላችሁ። የድመቱ ዝም፣ የእንቁላሉ ዝም፣ የፈረሱ ግን ትንኝ እንደነከሰችው አብጦ ብድግ አለ! አፍንጫው የሚፈራውን ክንዱ ተናገረ። ይገርማችኋል፣ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። መድኃኒቱም ለዓመታት በየጊዜው የሚወጋ መርፌ ነው፣ እና ሕመሙ ከውትድርና የመጣ ከሆነ የሚከፍለው የወታደሮች መድን ድርጅት ነው። አመለከተ። መልሱ መጣ፦ አይሆንም። ለምን? «በአገልግሎት ላይ ሳለ ሦስት ጊዜ ሐኪም ጠይቆት፣ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነኝ ብሏል።»

ሦስቱን ወረቀት አያይዘው ልከዋል። መነጽሬን አደረግሁና አነበብኩ። በፈረንሳይኛ «ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ባቡር ጣቢያ ያስተማርኩት ቃል ነው እኮ! ዞሮ ዞሮ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ እጄ ላይ ተመለሰ።

«ተወው ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር ማን ይከራከራል?» አልኩት።

«አባዬ፣ እነሱ ራሳቸው ጽፈዋል እኮ። ካልተስማማህ በሠላሳ ቀን ውስጥ ጻፍልን ይላል። አድራሻውም አለ።»

የፈረደብህ ሰው እንዴት እንደምትሞግተው ጽፎ ይልክልሃል! እንዲህ ያለ ነገር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላመንኩም። «ቢሮው ውስጥ ማንን እናውቃለን?» አልኩት።

«ማንንም።»

«ታዲያ በማን በኩል ይገባል?»

«በፖስታ ቤት አባዬ።»

ጻፈ። እና ጠሩን፣ ጄኔቫ። እኔ ሙሉ ልብሴን ለበስኩ፣ ከዘራዬን ያዝኩ፣ እያነከስኩ ገባሁ። ከመድን ቢሮው አንዲት ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት ሴትዮ ተቀምጣለች፣ ፊት ለፊቷ ፋይሉ አለ። «እንደምን ነዎት?» አለችኝ።

«ጌታ ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ!»

ዝቅ ብላ ከዘራዬን አየች። «ጉልበትዎስ?»

«እሱማ ተይው ማዳም፣ ደረጃ ከወጣሁ እንቅልፍ የለኝም።»

«አሁን በጣም ደህና ነኝ አላሉኝም?»

«እሱ እኮ ሰላምታ ነው! መጀመሪያ ጌታ ይመሰገናል። ሕመም የሚወራው ሰው ዳግመኛ ሲጠይቅሽ ነው፣ እውነት ደህና ነሽ ወይ ሲልሽ…»

እዚህ ላይ ብዕሯን አስቀመጠች። እኔን አየች፣ ልጄን አየች፣ ሦስቱን ወረቀት አየች። ከዚያ ልጄን «ሐኪሙ ዳግመኛ ጠይቆህ ነበር?» አለችው።

«አልጠየቀኝም። ኋላዬ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበር።»

ተነሣሁ። «ጥፋቱ የእኔ ነው ማዳም። ቃሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ልጄ «አባዬ፣ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ» ይላል፣ እኔ አልቀመጥም። እሷ ግን አልተቆጣችም፣ ብዕሯን አነሣችና ጻፈች። ጉልበቴን ሳይቀር ጻፈችው! ከዚያ «ሲያምህ ያየህ ሰው አለ?» አለችው፣ እሱም አሥር አለቃዬ አይቶኛል አላት። እንጠይቃለን አለች።

እና ጠየቁ! ታዲያ ምን ቢያገኙ ጥሩ ነው? የፈረሶቹን መዝገብ። ፈረሱ በላ፣ ፈረሱ አነከሰ፣ ፈረሱ ሳለ፣ በየቀኑ ይጻፋል። አሥር አለቃው በዚያ መካከል «ዮናታን ዛሬም ዓይኑ አብጧል፣ ያስነጥሳል፣ ከድርቆሹ ቤት አውጥቼዋለሁ» ብሎ ጽፎ ኖሯል። አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ብዙ ቀን! የእኔ አሥር አለቃ ሙሽራ እያለ ይሳደብ ነበር፣ ይሄኛው በፈረስ መዝገብ የልጄን አፍንጫ ጽፎ አስቀመጠለት።

ከዚያ ወረቀት መጣ፦ የቀድሞው ውሳኔ ተሽሯል። የፈረደው ቢሮ ራሱ፣ በራሱ እጅ ሻረው! መርፌው ተጀመረ፣ የአፍንጫ መርጫም ሰጡት፣ እና ገና ሊደርስ ሲል ከወጥ ቤቱ ደወለልኝ።

«አባዬ! ቅቤው ሸተተኝ!»

«አረረ እንዴ?»

«ሊያርር ሲል! ደረስኩበት!»

እኔም አለቀስኩ። ለቅቤ ያለቀስኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ታዲያ ልጆች፣ ማመስገኑን ተዉ አላልኳችሁም። ምስጋናውን ለጌታ ስጡ፣ ሕመሙን ለሐኪሙ። ከየትኛው ቀን ጀመረ፣ ምን ስትነኩ ይብሳል፣ ማን አየ፣ ማታ ማታ ጻፉት። እምቢ ያለ ወረቀት ሲመጣም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት፣ በሩ እዚያ ታች ነው ያለው።

«ጋሽ ታደለ» አለች ከምታዳምጡኝ ልጆች አንዷ ትዕግስት፣ ከኋላ ወንበር፣ «ጉልበትዎስ እንዴት ነው?»

ጌታ ይመስ… ሃ ሃ ሃ! ያዝሽኝ! ያመኛል! ኧረ በጣም ያመኛል፣ በተለይ የግራው! አያችሁ፣ ማለቱ አይገድልም። በሉ ተነሡ፣ ሂዱና ሞክሩት።