ስለ ባንጆው አንገት

ቃል ሰጪ፦ የሟቹ ባንጆ ተጫዋች ሚስት፣ ጡረታ የወጣች የልብስ ስፌት መምህርት
ዕድሜ፦ ሰባ ስድስት
አድራሻ፦ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠው፦ ሰኞ ጠዋት፣ በጣቢያው የምርመራ ክፍል
ጉዳዩ፦ በሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙ ላይ የቀረበ የስርቆት አቤቱታ

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ፣ በራሴ እግር መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን የማውቀው በሥራው ነው፤ ዝምድናም ጠብም የለንም። አቤቱታ አቅራቢው የሟች ባሌ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዬ ነው። ከእሱም ጋር ጠብ የለኝም። በመጀመሪያ ጊታር ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ጊታር አይደለም፣ ባንጆ ነው። ሆዱ እንደ ከበሮ ክብ ሆኖ ቆዳ የተወጠረበት፣ አንገቱ በብሎን የሚታሰርና የሚፈታ ባለ ክር መሣሪያ ነው። ነገሩ ሁሉ ያለው አንገቱ ላይ ስለሆነ በትክክል እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ።

ባሌ ካረፈ ዓመት አልፎታል። ባንጆው ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥን አናት ላይ ተቀምጦ ነበር። የቀኝ ዓይኔን ሞራ ስለጋረደው ሐኪሙ ይገፈፍ ብሎኛል፤ ለዚያ የሚሆን ከጡረታዬ አይተርፍም። ስለዚህ ባንጆውን ልሸጥ ወሰንሁ። ልጄ፣ እማዬ መጀመሪያ ለመጣው ሰው ስጪውና ተገላገይ ብላኝ ነበር። እኔ ግን የማላውቀውን ዋጋ አልጠራም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ወሰድሁት። ከመውሰዴ በፊት የሆዱን ዙሪያ ነሐስ በአመድና በሎሚ ፈትጌ አብረቅርቄው ነበር፤ ዕቃ ቆሽሾ ከቤት አይወጣም ተብዬ ነው ያደግሁት። ጠጋኙ የባንጆውን ሣጥን ከፍቶ ነሐሱን በጣቱ ዳሰሰና፣ «እትዬ፣ ዕድሜውን እኮ አጠቡት» አለኝ። አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ነሐሱ ላይ ላረፈው ጥቁረት ጭምር መሆኑን ያን ጊዜ ሰማሁ። ልጅ ሆኜ በአርጩሜ የተማርሁት ንጽሕና በስተርጅና ዋጋ አስቀነሰኝ።

ከዚያ ወንበር ሰጥቶኝ ባንጆውን እዚያው እፊቴ መረመረው። ክሮቹን አላልቶ ቆዳውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ አዳመጠ። አንገቱ መጣመም አለመጣመሙን አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። በመጨረሻ ብሎኑን ፈትቶ አንገቱን ከሆዱ ለየው። በሆዱ ውስጥ፣ እንጨቱ ላይ የተመታ የፋብሪካ ቁጥር አለ፤ በአንገቱ ግርጌም አለ። ሁለቱ አንድ መሆን ነበረባቸው፤ አልነበሩም። ቁጥሮቹን በዓይኔ አላነበብኋቸውም። እሱ ጮክ ብሎ አነበበልኝ፣ እኔም በጣቴ ዳሰስኋቸው። የመርፌ ቀዳዳ በዳሰሳ ሲያገኝ የኖረ ጣት ነው። ጠጋኙ፣ እነዚህን አንድ እናት አልወለደቻቸውም አለ። አዎን፣ ያለዋወጧቸው ግን የአንድ እናት ልጆች ናቸው አልሁት።

ለእሱ እንደነገርሁት ለፖሊስም እናገራለሁ። ባሌና ወንድሙ በዳንስ ቤት አብረው ይጫወቱ ነበር። ሁለቱን ባንጆዎች የገዙት ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን ነው። እኔ ባገባሁ በዓመቱ ታናሽየው ለሥራ ወደ ሩቅ የወደብ ከተማ ሊሄድ ሆነ። በመሄጃው ዋዜማ በእኔ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባንጆዎቻቸውን ፈትተው አንገት ለአንገት ተለዋወጡ። የወንድሙ አካል ያለበትን ዕቃ ማናችንም ሸጠን አንበላውም አሉ። ጠጥተው ስለነበር ብሎን ጠፍቶባቸው ወለሉን ሲዳብሱ መብራት የያዝሁላቸው እኔ ነኝ። ታናሽየው ከተመለሰ በኋላም መልሰው አልቀየሩም።

ጠጋኙ ይህን ከሰማ በኋላ፣ ሁለተኛው ባንጆ ተገኝቶ አንገቶቹ ወደየቤታቸው ቢመለሱ እያንዳንዱ ሙሉ ዋጋውን ያወጣል፣ እንዲህ እንዳለ ከተሸጠ ግን ግማሹንም አያመጣም አለኝ። «አሁን አይሽጡት እትዬ፣ ለእኔም ቢሆን» አለኝ። ሊሰርቅ ያሰበ ሰው እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። የላላውን ቆዳ እስኪያጠብቅልኝ ባንጆውን እሱ ጋ ትቼ ሄድሁ።

ሐሙስ ዕለት ዋርሳዬ ዋጋውን ለመስማት ብቻውን ወደ ሱቁ ሄደ። እኔ እዚያ አልነበርሁም፤ ይህን የምናገረው በማግሥቱ የጠጋኙ ሚስት መጥታ የነገረችኝን ነው። ጠጋኙ አንገቱ የሌላ ባንጆ መሆኑን ሲገልጽለት ዋርሳዬ ኮሌታውን ይዞ፣ የወንድሜን የት አደረስኸው አለው። እናንተው ናችሁ የተለዋወጣችሁት፣ እትዬ ነግረውኛል ቢለው ጭራሽ በባልቴት ስም ትነግዳለህ ብሎ ፖሊስ ጠራ። የተጣላበት የባንጆ አንገት ግን የራሱ የዋርሳዬ ነበር።

ቅዳሜ ወደ ዋርሳዬ ቤት ሄድሁ። የሄድሁት ልወቅሰው ነበር። ከወራት በፊት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ፎቁን ስቶ የጎረቤቴን በር አንኳኩቶ፣ ቤቱን ሳትነግሪኝ አከራየሽው ብሎ ተቆጥቶኛል። ያኔ ስቄ አልፌዋለሁ። ቅዳሜም ስለ ባንጆው ምንም ሳልናገር፣ የአንተውስ የት አለ ብዬ ብቻ ጠየቅሁት። ከአልጋው ሥር አወጣውና ሳልጠይቀው ይጫወት ጀመር። ጣቶቹ አንድም ቦታ አልሳቱም። ሲጨርስ ይህ አንገት የማን ነው አልሁት።

«የወንድሜ ነዋ» አለኝ። «የእኔ እሱ ጋ አይደል? አንቺ አይደለሽ እንዴ መብራት የያዝሽልን?»

ታዲያ ሰውየውን ለምን አሳሰርኸው ልለው አፌን ስከፍት፣ ባንጆውን ደረቱ ላይ እንዳስደገፈ፣ «ማታ ሲገባ ንገሪው እትዬ፣ ክሩ ላልቶብኛል፤ መጥቶ ይቃኝልኝ» አለኝ። ባሌ ሲቀበር የሣጥኑን የፊት እጀታ የያዘው እሱ ነው።

እሺ፣ እነግረዋለሁ አልሁት። አንገቱን አልጠየቅሁትም። ያን ዕለት ብጠይቀው ይሰጠኝ ነበር።

ሐሙስ የወንድሙን ሞት አስታውሶ መለዋወጡን ረሳ፤ ቅዳሜ መለዋወጡን አስታውሶ ሞቱን ረሳ። እኔ ያየሁት ይህንን ነው። ጠጋኙ የሰረቀው ነገር የለም። ማረጋገጥ የሚፈልግ ከአልጋው ሥር ያለውን ባንጆ ቁጥር ያነጻጽር፤ ነገር ግን ከተፈታ እዚያው ፊቱ ተገጥሞ ይመለስለት።

መርማሪው የሐሰት አቤቱታ ያቀረበ ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ ገልጾልኛል። እማማ፣ ሰውየው እኮ ከሐሙስ ጀምሮ ታስሯል ብሎኛል። ልክ ነው። ጠጋኙን ይቅርታ የምለምነው እኔ ራሴ ነኝ፣ ዛሬውኑ። ዋርሳዬ ዋሽቷል በሚል ወረቀት ላይ ግን አልፈርምም። የሚዋሽ ሰው እውነቱን ያውቀዋል።

በኤግዚቢትነት የተያዘው ባንጆ ከነአንገቱ፣ እንዳለ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ዋርሳዬ በሕይወት እያለ አልሸጠውም። የግራ ዓይኔ ለጊዜው ይበቃኛል።

ቃሌ ሲነበብልኝ «ሐሰተኛ አቤቱታ» የሚል ሰምቼ ስለተቃወምሁ ተሰርዞ «በመርሳት የቀረበ አቤቱታ» ተብሎ ተጽፏል። የቀረው እንደተናገርሁት ነው፤ ያየሁትን አየሁ ብያለሁ፣ የሰማሁትንም ከማን እንደሰማሁ አልደበቅሁም። ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ። በጣቴ እንዳትም ቀለም ቀርቦልኝ ነበር፤ መጻፍ የምችል ስለሆነ መርማሪው መስመሩን አሳይቶኝ በእጄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል