በጓደኛ ኢቃማ የወጣ ክኒን

ሳውዲ ውስጥ፣ ከዳማድ ወደ ጂዛን በሚሄደው ታክሲ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት ከኋላዬ በአማርኛ ያወራሉ።

«እግሬን ሲያቃጥለኝ ጓደኛዬ ሐኪም ካዘዘለት የነርቭ ክኒን አካፈለኝ። ዛሬ ደግሞ ማስታገሻ ገዛሁ።»

«ባለ ፋርማሲው ሌላ መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ አላለህም?»

«አለኝ። አልወስድም አልኩት።»

«ለምን?»

«የነርቩ የወጣው በጓደኛዬ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ነው። ያንተን አምጣ ቢለኝስ? የለኝም።»

«እስቲ ማስታገሻውን። ይሄ እንቅልፍ ያመጣል ይላል። የነርቩስ?»

«እሱም ያደነዝዘኛል።»

«ሁለቱ ተደርበው ትንፋሽህን ቢያዳክሙትስ? ሳትጠይቅ እንዳትውጠው። እኔ ኢቃማ አለኝ፣ ወርጄ ፋርማሲ ልጠይቅልህ።»

«የማንን ስም ልትነግሪያቸው ነው?»

«የማንንም። የክኒኖቹን ብቻ።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

እኔ ወደ ኋላ ሳልዞር ስልኬን አወጣሁና ትናንት ክኒኔን ያካፈልኩትን የቤት ጓደኛዬን ቁጥር ፈለግሁ።