ኢዲ ሲጨመር እጅ ወደ ኋላ

በእኛ ጊዜ እንግሊዝኛ እንዲህ እንደ ዛሬው በስልክ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ቨርብ ይፈራ ነበር ልጄ፣ ይፈራ ነበር። እኔ ገሱባ ሳስተምር አንድ ክፍል ውስጥ ሰማንያ ልጅ፣ መጽሐፍ ለአምስት አንድ፣ ታዲያ ምን አደረግሁ መሰለሽ፣ በዜማ አደረግሁት። የአሁን ጊዜ ሲሆን ዴስኩን መታ ያደርጋሉ፣ "ወርክ"። ኢዲ ሲጨመር ቀኝ እጃቸውን በትከሻቸው ላይ ወደ ኋላ ይወረውራሉ፣ "ወርክድ"። አለፈ፣ ከኋላ ቀረ ማለት ነው። ሰማንያ እጅ ባንዴ ወደ ኋላ ሲሄድ ብታዪ። ቦይና፣ ያው ጎደሬውን፣ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱት ሴቶች እንኳ "ወርክ፣ ወርክድ" እያሉ ያልፉ ነበር፣ እና ከዛሬ አስተማሪ እነሱ ይሻሉ ነበር። አትሳቂ ምህረት፣ አንቺንም ጨምሬ ነው። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ ትያለሽ፣ እዚህ ግቢ ሁለት ዓመት ስትከራዪ አንዲት ቨርብ ስታረቢ ሰምቼሽ አላውቅም። "ጋሼ፣ አሁን የሚፈለገው ልጆቹ እንዲናገሩ ነው" ትይኛለሽ። እንዲናገሩ። ምኑን ይዘው ነው የሚናገሩት?

እሺ፣ ስሚኝማ። አስቴርን ታውቂያታለሽ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቿን ይዛ እዚህ የምትመጣዋን። የገሱባ ተማሪዬ ናት። እሷ ገጠር ቀበሌ፣ ልጆቿ እዚህ ሶዶ አያታቸው ጋ፣ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ፣ ትንሿማ አያቷን ነው እማ የምትለው። ታዲያ አምና አንድ የእርዳታ ድርጅት እዚሁ ሶዶ ሰው ሊቀጥር ነው ተባለ፣ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ። እና እኔ ጋ መጣች።

"ጋሼ፣ ይሄ ሥራ ካመለጠኝ ልጆቼ እንደ እንግዳ እያዩኝ ነው የሚያድጉት" አለችኝ። "እንግሊዝኛ የሚያስተምሩበት ቤት ልግባ እንዴ?"

"የት? መናኸሪያው ጋ? በሦስት ወር አፍ እናስፈታለን የሚሉት ጋ? አንቺ የኔ ተማሪ ሆነሽ? በይ ወርክን አርቢልኝ።"

አረባችው። አይ ወርክ፣ ዩ ወርክ፣ ሂ ወርክስ፣ ዴስኩን በጉልበቷ ተክታ መታ መታ፣ ኢዲው ሲመጣ እጇን ወደ ኋላ፣ አንዲት አልሳተችም። ከስንት ዓመት በኋላ እኮ ነው። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። "ሂጂ" አልኳት፣ "አልፈሻል፣ እዚያ ገብተሽ ጊዜሽን አታባክኚ።" እኔ ነኝ ያልኳት፣ ይሄን ያዢልኝ።

በቀኑ በባጃጅ አብሬያት ሄድኩ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠናል፣ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከእሷ በፊት አንዲት የቦዲቲ ልጅ ገብታለች። ያቺን ብትሰሚያት። "የስተርደይ አይ ኢዝ ጎ ዲምቱ፣ ቤቢ ሲክ፣ ማዘር ክራይ፣ አይ ቶክ ቶክ ቶክ።" ትናንት ዲምቱ ሄጄ ነበር ማለቷ ነው እኮ፣ ኧረ ምን ያላለችው አለ። ትናንቱን ከዛሬ ቀላቅላ፣ ኢዲ የሚባል ነገር ደጇ አልደረሰም። ጠያቂዎቹ ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። እኔ ለአስቴር "አይዞሽ፣ ይቺ ወድቃለች" አልኳት።

አስቴር ገባች። ጠያቂዋ ቀስ ብላ በእንግሊዝኛ "ባለፈው ዓመት ቀበሌሽ ውስጥ ምን ሠራሽ?" አለቻት። ስንቱን ሕፃን ከትባ፣ በዚያ ጭቃ ስንቱን ቤት ዞራ፣ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አሸክማ ከመንገድ ያደረሰች ሴት፣ ጸጥ። ሴትየዋ ደገመችላት። ታዲያ በበሩ ክፍተት ምን ባይ ጥሩ ነው? አስቴር ጠረጴዛውን መታ አደረገች። "አይ ወርክ" አለች። "ዩ ወርክ። ሂ ወርክስ። ሺ ወርክስ።" ከመሃል መጀመር አትችልማ፣ ያንን ሁሉ ወርዳ ነው ያለፈው ጋ የምትደርሰው። ደረሰችና "አይ ወርክድ" ብላ እጇን ወደ ኋላ ወረወረች፣ ሰዎቹ ዞረው ከኋላዋ ማን እንዳለ አዩ። እሷ "ዩ ወርክድ፣ ሂ ወርክድ" እያለች ቀጠለች፣ ማቆምም አልቻለችም። እና እኔ፣ እኔ ሽማግሌው ኮሪደር ላይ፣ እጄን ባየው ትከሻዬ ላይ ነው።

የቦዲቲዋ ተቀጠረች። ይኸው በመኪና ስታልፍ "ሃሎ ጋሼ" ትለኛለች፣ አሁንም ኢዝ ጎ ነው የምትለው፣ ስህተቱ ይግባት አይግባት እንጃ።

አስቴር ስትወጣ እኔ ቀድሜ ጀመርኩ። "እነዚህ ደግሞ ምን ያውቃሉ፣ ሰዋስው በደጃቸው ያላለፈ፣ የቦዲቲን ጉድ የሚቀጥሩ" እያልኩ ስዘረጋው እሷ ጫማዋን ነው የምታየው።

"ጋሼ" አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ "አራት ዓመት አስተምረውኛል። በአራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ትናንት ምን ሠራሽ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።"

ባጃጅ ጠራሁ።

አሁን ቅዳሜ ስትመጣ እጠይቃታለሁ። ሳምንቱን በእንግሊዝኛ ታወራልኛለች፣ ትሰባብረዋለች፣ እኔን ጆሮዬን ያመኛል፣ ግን ዝም ብዬ እሰማለሁ። አንቺ ደግሞ ደስ አይበልሽ፣ አንቺ ትክክል ነሽ አላልኩም። ቨርብ አታውቂም፣ አታውቂም ነው።

ምን አልሽ? ትንሿ?

አሁንም አያቷን ነው እማ የምትለው። በይ ተነሺ፣ ሂጂና ደብተርሽን አርሚ።