የአዛኟ ጎረቤት ክኒን

ራስሽን ቀና አድርጊልኝ አበልጄ... እንዲያ። ፀጉርሽ እንዴት አድጓል በናትሽ! ሙቀቱስ? ከተማችን ባኒ እንዲህ ነዳ አታውቅም፤ ማንጎው ዛፉ ላይ ሊቀቀል ነው። ባልሽ ደህና? ይመስገን። ቢጎዲኑን ካጠበቅሁብሽ ንገሪኝ፤ የኔ እጅ እንደ ልጄ እንደ ዩደልካ አይለዝብም። ደንበኛው ሁሉ የሚመጣው የልጄን ጣቶች ብሎ ነበር፣ ምን ታረጊዋለሽ...

ዩደልካማ አለች። ጓዳ ናት፣ ራሷን አሟት፣ መስኮቱን ዘግታ፣ ግንባሯ ላይ የድንች ቁራጭ ለጥፋ፣ በሻሽ አስራ። ሐኪም ያዘዘላት ክኒን ትራስጌዋ ተቀምጦ፣ ድንች! ሳቂ እንጂ፤ እኔስ ስቄ ጨርሻለሁ።

ግን ዕድለኛ ናት፤ አዋቂ ጎረቤት አላት። ማን እንደሆነች አልነግርሽም፤ የሰው ስም ማንሳት ነውር ነው። ደግሞም ሰው አለ... ኧረ ግድ የለም፣ ካስክ ስር የተቀመጠ ሰው ምን ይሰማል? ያ ማድረቂያ ሲያጓራ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም።

ሐኪሙ ለልጄ ያንን የራስ ምታት ክኒን ሲያዝላት፣ ልቧን አዳመጠ፣ ግፊቷን ለካ፣ ታጨሻለሽ ወይ፣ አርግዘሻል ወይ አላት። «ይሄ ደም ስር ያጠባል፤ ከሌላ የራስ ምታት መድኃኒት ጋር በአንድ ቀን እንዳትወስጂ» ብሎም አስጠነቀቃት። ምስኪን! ይሄን ለማወቅ ዕድሜውን በትምህርት ፈጀ። ያቺ አዋቂ ግን ከካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት እዚሁ ወንበር ላይ አንዴ አነበበቻትና ተመረቀች! «ልብ ያቆማል ይላል እኮ! ይሄን ነው የምትውጪው?» አለቻት። ልጄ ያንኑ ዕለት ጠዋት ውጣዋለች ወይ ብሎ መጠየቅማ የተራ ሰው ሥራ ነው።

አደጋውን እንዲህ በሚዛን ከመዘነች በኋላ የራሷን ከቦርሳ አወጣችላት። በናፕኪን የተጠቀለሉ ሁለት ክኒኖች፤ ካርቶን የላቸው፣ ወረቀት የላቸው... ወረቀት ከሌለ ደግሞ አደጋው ከየት ይመጣል? «እኔ ስውጠው የኖርኩት ነው፤ እንደ ቫይታሚን ቁጠሪው» አለቻት፤ ልጄም አምና አንዷን ዋጠች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉ የለ? እኛ ሰፈር በአጥር ላይ የሚቀባበሉት ክኒን ነው።

ውይ... መብራት ሄደ። ልማዱ ነው፣ አትነሺ፤ እጄ መብራት አይፈልግም።

ከሰዓት በኋላ የልጄ ጣቶች ነጡብኝ አበልጄ። እንደ ሻማ ነጡ፣ እንደ በረዶ ቀዘቀዙ። ድንገተኛ ክፍል ይዣት ስበር፣ ያቺ ደግ ሰው አብራን ገብታ እጇን ይዛ ታነባለች። ሐኪሙ «ሌላ የወሰደችው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጄ ትውከቱ መች ያናግራታል? ደጓስ ምን ያደረገች ይመስልሻል? ጣሪያው ላይ ያለውን ማራገቢያ ቀና ብላ አየች! እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ሌላ ሰው ቢሆን «የሰጠኋት እኔ ነኝ» ብሎ ይኩራራ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ... መድኃኒቱን የደበቀስ ምን ይባላል? ናፕኪኗን ከተረፈችው ክኒን ጋር ከልጄ ሽርጥ ኪስ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ክኒኗን ገና ሲያያት ፊቱ ተለወጠ። ሁለቱ በአንድ ቀን ሲገናኙ ደም ስር አንቀው ይይዛሉ አለኝ።

ጣቶቿ ተረፉ፣ ተመስገን። ጫፋቸው ብቻ ነው በመርፌ ብትወጊው የማይሰማው። ጣቶቿ አገግመው ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ያዘዘላትን ክኒን ለብቻው እንድትወስድ ነግሯታል፤ አሁን ፈቅዶላታል። እሷ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች! ለምን? ያቺ ሩኅሩኅ የጾም ጣፋጭ ቦሎቄዋን ቀረፋ ነስንሳ ይዛ መጥታ፣ «አላልኩሽም? የሐኪሙ ክኒን ነው እንዲህ ያደረገሽ» ብላታለቻ! እኔ ስነግራት «እማዬ፣ አንቺ ድሮም አትወጃትም» ትለኛለች። ሕመሙ ሲነሳባት ግድግዳውን ስትቧጥጥ እሰማለሁ... አንጀቴ ነው የሚቆረጠው። ከዚያች ሴት አፍ «የኔ ክኒን ነው» የምትል አንዲት ቃል ብትሰማ የሐኪሙን ትውጠው ነበር። ጓዳው ደግሞ ይኸው፤ ከወንበር ተነስቶ መጋረጃውን መግለጥ ብቻ ነው። ግን እንዴት ተደርጎ፣ ትልቅ ሰው ፀጉሯ ሳይደርቅ!

ውይ! በሞትኩት! መብራት ሲሄድ ካስኩም ዝም ብሏል ለካ! እመቤቴ፣ ረሳሁዎት እኮ! ይሄን ሁሉ ጊዜ በጸጥታ ተቀምጠው... ሰሙን እንዴ? ኧረ ስለ ሌላ ሰው ነው የምናወራው፤ እርስዎን ማን ይነካል? ፊትዎ ግን ነጣብኝ... ይነሱ፣ ይነሱ። የመንገዱ በር በዚህ ነው፣ የዩደልካ ክፍል በዚያ፤ ደስ ወዳለዎት።

ወደ መንገዱ?... ከነቢጎዲንዎ? መልካም። ቀስ ብለው ይውረዱ፣ ደረጃው ያዳልጣል። ልጄን የጠየቁልኝን እግዜር ይቁጠርልዎ። ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ። ራስዎን ያመመዎ ዕለት ደግሞ፣ ልክ እንደ እርስዎ ያለች አዛኝ ጎረቤት ከደጅዎ አትጥፋ!