የመጋዘኑ ጓጉንቸርና ዝም ያለችው ሕፃን

የምስክር ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ በጤና ጣቢያ የልየታ ክፍል ነርስ
አድራሻ፦ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ አጠገብ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል

የተጠራሁት ትናንት ማክሰኞ የጤና ጣቢያችን የመድኃኒት መጋዘን ጓጉንቸር ተሰብሮ ዕቃ ወጥቷል ሲሉ የመጋዘኑ ኃላፊ ባቀረቡት አቤቱታ ላይ የማውቀውን እንድናገር ነው። ወንበር ተሰጥቶኝ ነበር፤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ቃሌን የሰጠሁት ቆሜ ነው። መርማሪው ወደ በሩ ጉዳይ እንድገባ ሁለት ጊዜ አሳስበውኛል። እገባለሁ፤ ግን ነገሩ የሚጀምረው ከበሩ አይደለም።

የልየታ ክፍል ማለት ታማሚው ሐኪም ዘንድ ከመቅረቡ በፊት የሚያልፍበት፣ ማን ቀድሞ መታየት እንዳለበት የሚወሰንበት ክፍል ነው። የምወስነው እኔ ነኝ። በክፍላችን ማንም ያልጻፈው አንድ ልማድ አለ፤ የሚያለቅስ ልጅ ወደ ፊት ያልፋል፣ ዝም ያለው ይጠብቃል። አግዳሚው ላይ አርባ ሰው ተቀምጦ ጩኸቱ ናላ ሲያዞር ሌላ ነገር አይታሰብም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ስሠራ ኖሬያለሁ።

ትናንት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ10 ላይ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጇን አቅፋ ገባች። ከእሑድ ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት እንዳላት ነገረችኝ። ልጅቷ ታለቅስ ነበር። የደም ግፊቷን ስለካው ደህና ሆነ። ሁለተኛ ተራ ሰጠኋት። አምስት ደቂቃ ያህል እንደቆየች ዝም አለች። እናትየዋ፣ «ተመስገን፣ እንቅልፍ ወሰዳት» አለችኝ። እኔም እፎይ አልኩ፤ ይህን አልደብቅም። ሌሎች ልጆች ይጮሁ ስለነበር እነሱን አስቀድሜ እሷን ወደ ኋላ አሳለፍኳት።

3 ሰዓት ከ35 ሲሆን ዋና ነርሷ በአግዳሚው በኩል ስታልፍ ቀጥ ብላ ቆመች። ሻይ እንኳ ቆማ ስለምትጠጣ «ጥድፊያ» እንላታለን። የልጅቷን እግር ያዘች፤ እስከ ጉልበቷ በረዶ ሆኗል። ጥፍሯን ተጭና ለቀቀችና ቀለሙ እስኪመለስ ቆጠረች። እስከ አምስት ቆጠረች፤ ሦስት እንኳ መሙላት አልነበረበትም። የክንዷ የደም ሥር ምት ፈጣንና ደካማ ነበር። ብንጠራትም ዓይኗን በቅጡ አልገለጠችም።

«ግፊቷ እኮ ደህና ነው» አልኳት።

«ፈሳሽ ያለቀበት ልጅ ግፊት እስከ መጨረሻው ደህና ነው! ከወረደ በኋላ ምን ልታደርጊላት ነው? እግሯን ነክተሽዋል?» አለችኝ።

አልነካሁትም ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ወደ ድንገተኛ ክፍል ሮጠን ኦክስጅን አደረግንላት። ደም ሥር በሁለቱም እጇ፣ በእግሯም ብንፈልግ ጠፋ። እንዲህ ሲሆን መርፌ በቅልጥም አጥንት ውስጥ ገብቶ ፈሳሽ በዚያ ይሰጣል። መርፌው ያለው መጋዘን ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ቁልፉን በኪሳቸው ይዘው ስብሰባ ሄደዋል። ስደውልላቸው፣ «ሃያ ደቂቃ ታገሱኝ፣ እየመጣሁ ነው» አሉ። ጥድፊያ የእሳት ማጥፊያውን ከግድግዳው አንስታ ጓጉንቸሩን ሁለቴ መታችው። ሦስተኛውን የመታሁት እኔ ነኝ፤ የተሰበረውም በሦስተኛው ነው። አቤቱታው ላይ ስሜ ስለሌለ እንዲጨመር እጠይቃለሁ።

የወጣው ዕቃ አንድ የአጥንት መርፌና ሁለት ከረጢት ፈሳሽ ነው። ልጅቷ 12 ኪሎ ስለነበረች 240 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ እየገፋን ሰጠናት። ፈሳሽ ሲበዛም ስለሚያፍን ሳንባዋን አዳምጠን፣ ጉበቷን ዳስሰን ያንኑ ያህል ደገምን። ስኳሯም ወርዶ ስለነበር ግሉኮስ ጨመርን። እናትየዋ ጥጉን ይዛ፣ «እኔ ነኝ ተኛች ያልኩት፣ እኔ ነኝ» ትል ነበር። እሷ እናት ናት፤ ነርሷ እኔ ነበርኩ። 4 ሰዓት ከ20 ላይ እግሯ ሞቀ፤ «እማ፣ ውሃ» አለች። በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ላክናት። ዛሬ ጠዋት ደውዬ በሕይወት እንዳለች አረጋግጫለሁ።

መርማሪው፣ ቁልፉ እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ መታገስ አይቻልም ነበር ወይ ሲሉ ጠይቀውኛል። መልሴ፦ ሃያውን ደቂቃ እኔ አግዳሚው ላይ ጨርሼዋለሁ፤ ለመጋዘኑ የተረፈ አልነበረም።

ቃሌ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ጸሐፊው «ዘግይቼ አየኋት» ብለው የጻፉትን አሰርዤ «ወደ ኋላ አሳለፍኳት» እንዲባል አድርጌያለሁ። እንዲህ ሲሆን እውነት ነው፤ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
የመርማሪ ፊርማ ____________