አስቁምልኝ ያልኩበት መንገድ

ከሐይቅ ወደ ደሴ ለሕክምና ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ሆዴን ቆረጠኝ። ረዳቱን "ወንድሜ፣ አስቁምልኝ" አልኩት። "ምን ሆነህ?" አለኝ። "ከጦርነቱ ከተመለስኩ ወዲህ ሆዴ አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ሐኪሙ የአንጀት ባክቴሪያ ችግር ነው አለኝ" ስል፣ አጠገቤ የነበሩት እናት አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ። "ኧረ በአላህ አውርዱልን፣ ልጅ ይዣለሁ" አሉ። ደሜ ፈላ። "ወላሂ፣ እናቴ፣ አይተላለፍም። ለቁስሌ የሰጡኝ መድኃኒት ጥሩውን ባክቴሪያ ጨርሶብኝ ነው የታመምኩት" አልኳቸው። ማን ሰምቶኝ። አውርደውኝ ሄዱ።

ቦታውን አወቅሁት። ወደ ግንባር ስንሄድ ሕዝቡ መኪናችንን አስቁሞ "ልጆቻችን፣ ብሉልን" እያለ በእጁ ያጎረሰን እዚያው መንገድ ላይ ነው። ያን ቀን ማንኛችንም እጃችሁን ታጥባችኋል ወይ ብለን አልጠየቅንም።